ጆን አልኮክ፤ ወይም ስለ ድፍረትና ስለ ጥንቃቄ

ድፍረት ለሰው የተሰጠ መልካም ሀብት ነው፤ ዳሩ ግን ጥንቃቄ የማይመራው ድፍረት ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው። ልጓም የሌለው ፈረስ ጌታውን አንድ ቀን ከጦርነት መካከል ያወጣዋል፤ በሌላ ቀን ደግሞ ይዞት ወደ ገደል ይገባል። ከአደጋ በደኅና የወጣ ሰውም በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። አስተዋይ ቢሆን ለሞት የቀረበበትን ምክንያት መርምሮ ሁለተኛ ወደዚያ እንዳይመለስ ይጠነቀቃል። ልቡ የታበየ እንደ ሆነ ግን አደጋው እርሱን የፈራው መስሎት ደግሞ ይሄድበታል። ዋና የሚያውቀውን ሰው ውሃ እንደሚወስደው አባቶች የሚናገሩት ስለዚህ ነው፤ ዋና የማያውቀው ከወንዙ ዳር ይቆማልና። በአየር መሄድን ለዓለም ከከፈቱት ሰዎች መካከል የእንግሊዛዊው የጆን አልኮክ ሕይወት ይህን ነገር አጉልቶ ያሳያል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዓመቱና ወሩ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ተጽፏል።

ጆን አልኮክ በኖቬምበር 5 ቀን 1892 ዓ.ም. ማንቸስተር በምትባለው በታላቂቱ የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በልጅነቱም በሂተን ቻፕል በቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት ተማረ። ማንቸስተር በዚያ ዘመን ጥጥ የሚፈተልባት፥ ልዩ ልዩ መኪናም የሚሠራባት ከተማ ነበረችና የብላቴናው ልብ ወደ መኪና ሥራ አዘነበለ። ከትምህርት ቤት በወጣ ጊዜም ኤምፕረስ ወደሚባለው የሞተር ፋብሪካ ገብቶ እጅ ሥራ ይማር ጀመር። የፋብሪካው ሥራ መሪ ቻርልስ ፍሌቸር በዚያ ዘመን መብረርን ከሞከሩት ሰዎች አንዱ ነበረ፤ አልኮክም በ1910 ዓ.ም. ለእርሱ ረዳት ሆነ። ዊልበርና ኦርቪል ራይት የተባሉት ወንድማማች በአሜሪካ አገር በ1903 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር ከበረሩ ገና ሰባት ዓመት መሆኑ ነበረ። ያ የመጀመሪያው በረራ 12 ሰኮንድ ብቻ ቆይቶ ነበር። ስለዚህ በአልኮክ ብላቴንነት መብረር የሚባለው ነገር ለብዙ ሰው እንደ ተረት ነበረ።

ከዚህም በኋላ ሞሪስ ዱክሮክ የሚባል ፈረንሳዊ አብራሪ አልኮክን ሞተር ሠራተኛ አድርጎ ብሩክላንድስ ወደሚባለው የአውሮፕላን ሜዳ ወሰደው። በዚያ ብላቴናው ቀን የአውሮፕላኑን ሞተር እያበጀ ደግሞም መንዳትን ተማረ፤ በኖቬምበር ወር 1912 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ የአውሮፕላን ነጂነት የምስክር ወረቀት ተቀበለ። በ1914 ዓ.ም. ከለንደን አጠገብ ተነሥቶ እስከ ማንቸስተር ደርሶ በሚመለስ እሽቅድምድም ገብቶ ሦስተኛ ወጣ። አልኮክ ከሌሎች ነጂዎች የሚለየው ሞተሩን ከውስጡ የሚያውቅ በመሆኑ ነበር። የሚነዳውን ነገር ጠባይ ሳያውቅ የሚነዳ ሰው መንገዱ ሁሉ በዕድል ነው፤ አልኮክ ግን የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ይለይ ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ አልኮክ ወደ ባሕር ኃይል የአየር ክፍል ገባ። አስቀድሞ ለወጣቶች መንዳትን ያስተምር ነበር፤ በኋላም በ1916 ዓ.ም. በኤጅያን ባሕር ባለችው በሌምኖስ ደሴት ሙድሮስ ወደሚባለው የጦር ሰፈር ተላከ። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1917 ዓ.ም. ብቻውን በአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተቀምጦ ከሦስት የጠላት አውሮፕላኖች ጋራ ተዋጋ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ከባሕር ወደቁ። ስለዚህም ሥራ የጀግንነት ኒሻን ተሸለመ።

በዚያው ቀን ደግሞ ሁለት ጓደኞች ይዞ ሁለት ሞተር ባለው ትልቅ አውሮፕላን ወደ ቁስጥንጥንያ ሊዘምት ተነሣ። በጋሊፖሊ አጠገብ ሲደርስ አንዱ ሞተር ቆመ። አልኮክም ወደ ፊት ልሂድ ሳይል ወዲያው ዞሮ በአንድ ሞተር ከ60 ማይል በላይ ተመለሰ፤ ይህ 96 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጨረሻ ግን ሁለተኛውም ሞተር ቆመና በሱቭላ ወደብ አጠገብ ከባሕር ላይ አረፈ። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ያህል በውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ሦስቱ ሰዎች የእሳት ምልክት እየተኰሱ የእንግሊዝን መርከቦች ቢጣሩ ያያቸው አልነበረም። አውሮፕላኑ መስጠም በጀመረ ጊዜ ወደ ውሃው ገብተው አንድ ሰዓት ዋኝተው ከየብስ ወጡ፤ በማግሥቱም የቱርክ ወታደሮች ማረኳቸው። አልኮክም ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በእስር ቤት ተቀመጠ። ባሕር ለአውሮፕላን ለስላሳ አልጋ እንዳይደለ በዚያች ሌሊት በገዛ ሥጋው ተማረ።

ዴይሊ ሜይል የሚባለው የለንደን ጋዜጣ ጦርነቱ ሳይነሣ በ1913 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ሽልማት ለዓለም አስታውቆ ነበር። ይኸውም በ72 ሰዓት ውስጥ የአትላንቲክን ውቅያኖስ በአውሮፕላን ለሚሻገር ሰው 10,000 ፓውንድ እሰጣለሁ የሚል ነበር። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ ብዙ ጀግኖች ለዚህ ነገር ተነሡ። አልኮክም በእስር ቤት ሳለ ይህን ሐሳብ በልቡ ይዞ ነበርና ከእስር ተፈትቶ ከሠራዊቱ እንደ ወጣ ቪከርስ ወደሚባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሄዶ ነጂ ሆነ። የመንገድ መሪ የሆነውም አርተር ዊተን ብራውን ነበረ። እርሱም እንደ አልኮክ በጦርነት ጊዜ አውሮፕላኑ ወድቆ የተማረከ፥ እግሩም የተጐዳ፥ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለክቶ በባሕር ላይ መንገድን ማግኘት የሚያውቅ ሰው ነበረ።

ያ ውቅያኖስ እንዴት ያለ ጠላት እንደ ሆነ በፊታቸው የሄዱት ሰዎች አሳይተዋቸው ነበር። በሜይ ወር 1919 ዓ.ም. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሆዳቸው እንደ መርከብ የተሠራ ሦስት ታላላቅ የባሕር አውሮፕላኖች ከኒውፋውንድላንድ ወደ አዞርስ ደሴቶች ላከ። በሚሄዱበትም መንገድ በየ50 ማይሉ ያህል የጦር መርከቦች ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ ሳለ ሁለቱ በጉም ምክንያት መንገዳቸው ጠፍቷቸው ከባሕር ላይ አረፉ፤ ማዕበሉም ጐድቷቸው ደግመው መነሣት ተሳናቸው። የአንደኛውን ሰዎች መርከብ አወጣቸው፥ አውሮፕላኑ ግን ሰጠመ፤ ሁለተኛው እንደ ጀልባ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ በብዙ ድካም ከደሴት ደረሰ። ሦስተኛው ብቻ በአየር አዞርስ ደረሰና በዚያ ዐርፎ በኋላ ሊዝቦን ገባ። በዚያው ወር ሃሪ ሃውከር የሚባል ነጂ ከጓደኛው ጋራ ውቅያኖሱን በአንድ ጊዜ ሊሻገር ተነሥቶ ሞተሩ ስለ ታመመበት ከአንዲት መርከብ አጠገብ ከባሕር ላይ ወረደ። በመርከቢቱ ላይ የሽቦ አልባ መልእክት መሣሪያ አልነበረምና ወሬያቸው እስኪሰማ ድረስ አገራቸው እንደ ሞቱ ቈጥሮ አለቀሰላቸው።

አልኮክና ብራውን ይህን ሁሉ ሰምተው ሥራቸውን በችኰላ አላደረጉም። አውሮፕላናቸው ቪሚ የምትባል፥ ክንፏ ድርብ የሆነ፥ እያንዳንዱ 360 የፈረስ ጉልበት ያለው ሁለት ሮልስ ሮይስ ሞተር ያላት ነበረች። ፈታተው በመርከብ ወደ ኒውፋውንድላንድ አመጧት፤ በሜዳ ላይም ገጣጠሟት። በጁን 9 ቀን በርረው ፈተኗት፤ የተበላሸውንም አበጁ። ሌሎቹ እንዳይቀድሟቸው ልባቸው ቢቸኵልም ነፋሱን እየተመለከቱ ጠበቁ። በጁን 14 ቀን 1919 ዓ.ም. ቅዳሜ ቀን 865 ጋሎን፥ ይኸውም 3,900 ሊትር ያህል ቤንዚን ተሸክመው ተነሡ። ከጭነቱም ብዛት የተነሣ አውሮፕላኒቱ ከሜዳው ጫፍ የነበሩትን ዛፎች በጭንቅ አለፈቻቸው።

ጥቂት እንደ ሄዱ የመልእክት መሣሪያቸው ተበላሸና ከዓለም ጋራ መነጋገር ቀረ። ከአንደኛው ሞተር የጢሱ መውጫ ቧንቧ ተሰብሮ ጩኸቱ ጆሮአቸውን ስለ ደፈነው እርስ በርሳቸው እንኳ በጽሑፍና በምልክት ይነጋገሩ ነበር። ከታች ጉም፥ ከላይ ደመና ሆነና ብራውን ፀሐይንና ኮከብን የሚያየው አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሊነጋ ሲል ደግሞ እጅግ ወፍራም ከሆነ ደመና ውስጥ ገቡ። በዚያ የአውሮፕላኒቱ አፍንጫና የክንፏ ጫፍ እንኳ አልታይ አለ፤ የፍጥነቱም መለኪያ ቆመ።

ሰው በምድር ላይ ሲሄድ እግሩ መሬቱን፥ ዓይኑም አድማሱን እያየ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በአየር ላይ ግን ዓይኑ ሰማይና ምድር የሚገናኙበትን ካላየ የገዛ ሥጋው ያታልለዋል፤ ወደ ጐን ሲያጋድል ቀጥ ያለ፥ ሲወርድም የወጣ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ይህን ስሕተት የሚያርም በቂ መሣሪያ ገና አልተገኘም ነበር። ስለዚህ ቪሚ ፍጥነቷን አጥታ ከ1,200 ሜትር ያህል ከፍታ እየተሽከረከረች ወደቀች። ሁለቱ ሰዎች የመለኪያው መርፌ ወደ ታች ሲወርድ ከማየት በቀር የሚያደርጉት አልነበረም። በድንገት ከደመናው ሥር ወጡ፤ ባሕሩም እንደ ግድግዳ በጐናቸው ቆሞ ታያቸው። አልኮክ አድማሱን ባየ ጊዜ በዓይን ጥቅሻ አውሮፕላኒቱን አቀናት። በዚያን ጊዜ ከማዕበሉ በላይ 30 ሜትር ያህል እንኳ አይሆኑም ነበር። ኮምፓሱንም ባዩ ጊዜ ፊታቸው ወደ መጡበት ወደ አሜሪካ ዞሮ አገኙት። ደመናው 30 ሜትር ወርዶ ቢሆን ኖሮ ስለ እነርሱ የሚነገር ታሪክ ባልነበረም።

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት የአየርላንድ አገር ታየቻቸው። ክሊፍደን በምትባል ከተማ አጠገብ የሽቦ አልባ መልእክት ጣቢያ ነበረና በዚያ ለማረፍ ዞሩ። ከላይ ሆነው ሲያዩት ለምለም ሜዳ የሚመስል ስፍራ አገኙ። የጣቢያውም ሰዎች ያ ስፍራ ማጥ መሆኑን ያውቁ ነበርና እንዳያርፉ እጃቸውን እያወዛወዙ ከለከሏቸው። ነጂዎቹ ግን የደስታ ሰላምታ መስሏቸው እነርሱም እጃቸውን አወዛወዙ። ወዲያውም መንኰራኵሮቹ ከጭቃው ሰጠሙ፤ አውሮፕላኒቱም በአፍንጫዋ ተተከለች። በእግዚአብሔር ቸርነት ሁለቱም ምንም አልተጐዱም። ከ16 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ 3,040 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕር ተሻግረው ነበር። ከእነርሱ በፊት ይህን ውቅያኖስ ሳያርፍ በአውሮፕላን የተሻገረ አልነበረም። ማስጠንቀቂያን እንደ ምስጋና መስማት ግን አደገኛ መሆኑ በዚያ ማጥ ውስጥ ታየ።

ለንደን በደረሱ ጊዜ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላቸው። በዚያ ጊዜ የአየር ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ዊንስተን ቸርችል ሽልማቱን ሰጧቸው፤ እነርሱም አውሮፕላኒቱን ለሠሩትና ላበጁት ሠራተኞች 2,000 ፓውንድ እንዲካፈል አደረጉ። ንጉሥ ጊዮርጊስ አምስተኛም ወደ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት አስጠርተው ሰር የሚለውን የማዕርግ ስም ሰጧቸው። አልኮክ በዚያ ቀን ገና 26 ዓመቱ ነበረ። ከአንድ ዓመት በፊት በቱርክ አገር እስረኛ የነበረው የፋብሪካ ልጅ አሁን ስሙ በዓለም ሁሉ ተጠራ።

ቪከርስ ፋብሪካ በዚያው ዓመት ቫይኪንግ የሚባል አዲስ አውሮፕላን ሠራ። ይህ አውሮፕላን በየብስም በውሃም የሚያርፍ ነበረ። ሆዱ እንደ ጀልባ ተሠርቶ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከጐንና ከጐኑም ወደ ላይ የሚሰበሰብና ወደ ታች የሚወርድ መንኰራኵር አለው። በየብስ ሲያርፍ መንኰራኵሩ ይወርዳል፤ በውሃ ሲያርፍ ይሰበሰባል። ሞተሩም ከሰዎቹ መቀመጫ በስተ ኋላ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነበረ። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ለተመለከተው ሰው ከሌሎች ሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ይመስላል፤ ከታች ሜዳ ቢኖር በሜዳ፥ ባሕር ቢኖር በባሕር ያርፋልና። ነገር ግን ከጉም የሚያድን ምንም ነገር በውስጡ አልነበረም። ዛፍና ኮረብታም በጉም ውስጥ የጀልባውንም የመንኰራኵሩንም ጥቅም ያጠፋሉ።

በዲሴምበር ወር 1919 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው ታላቅ የአውሮፕላን ኤግዚቢሽን ሊከፈት ተቃረበ። ቪከርስም አዲሱን አውሮፕላኑን በዚያ ለማሳየት ፈለገና አልኮክ እንዲያደርሰው ሆነ። በዲሴምበር 15 ቀን ውቅያኖሱን የተሻገረችው ቪሚ ለመታሰቢያ ለንደን ላለው ለሳይንስ ሙዚየም ስትሰጥ አልኮክ በዚያ ተገኝቶ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ በዲሴምበር 18 ቀን ብቻውን በቫይኪንግ ተቀምጦ ከእንግሊዝ አገር ተነሣ። የክረምት ወራት ነበርና የአየሩ ሁኔታ ክፉ ነበረ። በጐኑ የመንገድ መሪ አልነበረም። የሚሄድበትም መንገድ 400 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በውቅያኖሱ ላይ ከሄደው ጋራ ሲመዛዘን ከአንድ አሥረኛው እምብዛም የማይበልጥ ነው።

በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር በደኅና ተሻገረ። ወደ ኖርማንዲ አገር በገባ ጊዜ ግን ምድሩ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ሩዋን በምትባለው ከተማ አጠገብ ኮቴቭራር በሚባለው መንደር ላይ ዝቅ ብሎ ለማረፍ ሲሞክር አውሮፕላኑ ከመሬት ተጋጨና ተሰባበረ። በዚያ የነበረ አንድ ገበሬ አውሮፕላኑ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ሲወድቅ አይቶ ወደ እርሱ ሮጠ። አልኮክ ራሱ ክፉኛ ተመትቶ ነበርና አእምሮው ሳይመለስለት ሞተ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ። ውቅያኖሱን ከተሻገረ ገና ስድስት ወር መሆኑ ነው። ሬሳውም ወደ አገሩ ተወስዶ በማንቸስተር ተቀበረ። ጓደኛው ብራውን ግን ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ በ1948 ዓ.ም. ሞተ።

በዚያች የመጨረሻ ሰዓት በአልኮክ ልብ ውስጥ ምን ሐሳብ እንደ ነበረ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሟች ላይ መፍረድ አይገባም። ነገር ግን ሁለቱን መንገዶች ጐን ለጐን አድርጎ መመልከት ይቻላል። ወደ ውቅያኖሱ ሲሄድ ብዙ ቀን ተሰናዳ፥ ነፋሱን ጠበቀ፥ መንገድ የሚመራ ጓደኛም ያዘ፤ ሲሻገርም ጉም ለሞት አቀረበው። ወደ ፓሪስ ሲሄድ መንገዱ አጭር፥ ጉዳዩም ዕቃ ለማሳየት ብቻ ነበረ፤ በቀጠሮው ቀን ባይደርስ ግን የሚጠፋ ነፍስ አልነበረም። ሆኖም በታላቁ መንገድ ሊገድለው ሞክሮ የሳተው ያው ጉም በትንሹ መንገድ አገኘው። ታላቅ አደጋ ሰውን አስቀድሞ ያስፈራዋልና ይጠነቀቅበታል፤ ትንሽ የሚመስለው አደጋ ግን ወገቡን ሳይታጠቅ ያገኘዋል። አንድ ጊዜ ማምለጥም ለሁለተኛው ጊዜ ዋስ አይሆንም። ያመለጠ ሰው የተሰጠው ትምህርት እንጂ የተስፋ ደብዳቤ አይደለም።

ይህ ነገር በአልኮክ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሮስ ስሚዝ የሚባለው አውስትራሊያዊ ከወንድሙ ከኪትና ከሁለት ሠራተኞች ጋራ በዚያው በ1919 ዓ.ም. ከኖቬምበር 12 እስከ ዲሴምበር 10 ቀን በቪሚ ተቀምጦ ከእንግሊዝ እስከ አውስትራሊያ በረረ። ከእርሱ በፊት ያን መንገድ በአውሮፕላን የጨረሰ አልነበረም፤ እርሱም ሰር ተባለ። በኋላም ዓለምን ለመዞር አስቦ አልኮክ የሞተበትን ዓይነት ቫይኪንግ መረጠ። በኤፕሪል 13 ቀን 1922 ዓ.ም. በብሩክላንድስ አውሮፕላኑን ሊሞክር ቤኔት ከሚባለው የቀድሞ ጓደኛው ጋራ ተነሣ። ያን ዓይነት አውሮፕላን መንዳት ገና አልለመደም ነበር። ከፍ ካለ በኋላ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን አጥቶ እየተሽከረከረ ወደቀና ሁለቱም ሞቱ። ወንድሙ ኪት በዚያ ቀን ዘግይቶ ደርሶ ነበርና በሕይወት ተረፈ፤ ዳሩ ግን የወንድሙን ሞት በዓይኑ አየ። የዓለምን እኩሌታ የዞረ ነጂ በገዛ ሜዳው ላይ ወደቀ፤ ዝናው የአዲሱን አውሮፕላን ጠባይ አላስተማረውምና።

ዛሬ በየብስም በውሃም የሚያርፉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ለመዝናኛ ተሠርተው ሰዎች በሐይቅና በባሕር ዳር ይበርሩባቸዋል። ሞተራቸው ከድሮው ይልቅ የታመነ፥ መሣሪያቸውም የተሻለ ነው፤ የአየርና የውሃ ሕግ ግን አልተለወጠም። ነጂው መንኰራኵሩን እንዳወረደ ረስቶ ከውሃ ላይ ቢያርፍ መንኰራኵሩ ውሃውን ይይዝና አውሮፕላኑን በአፍንጫው ይገለብጠዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጂ ባረፈ ቍጥር የማርፈው በየብስ ነውን ወይስ በውሃ ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ መንኰራኵሩንም በዓይኑ አይቶ ያረጋግጣል። ነፋስ የሌለበት ውሃ እንደ መስታወት ሲሆንም ለሚያየው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከፍታው አይታወቅም፤ ውሃው ገና ሩቅ ነው ሲል ይጋጨዋል፥ ደርሻለሁ ሲልም ገና ከላይ ሆኖ ፍጥነቱን ያጣል። ይህን የተማሩ ሰዎች እንዲህ ባለ ውሃ ላይ በባሕሩ ዳር ያለውን መሬት እያዩ በዝግታና በልክ ይወርዳሉ።

ከዚህም ሁሉ የሚብሰው ለጨዋታ ብሎ ከውሃው በላይ ዝቅ ብሎ እየተጣመመ መብረር ነው። ከፍ ብሎ የሚበርር ሰው ቢሳሳት ስሕተቱን ለማረም ጊዜ አለው፤ ከፍታ ለነጂ እንደ ጎተራ እህል ነውና በችግር ቀን ይበላዋል። ዝቅ ብሎ የሚጫወት ግን ጎተራው ባዶ ነው፤ ሞተሩ ቢታመም፥ ክንፉ ፍጥነት ቢያጣ፥ ሽቦ ወይም ኮረብታ በፊቱ ቢቆም የሚመለስበት ጊዜ አያገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከዳር የቆሙት እንዲያደንቁት ብሎ ያደርገዋል። እነርሱም በዚያ ቀን ያጨበጭቡለታል፤ ሲወድቅ ግን ከእርሱ ጋራ የሚወድቅ ከእነርሱ አንድ እንኳ የለም። የሚያለቅሱት በቤት የሚጠብቁት እናቱ፥ ሚስቱና ልጆቹ ናቸው። በአጠገቡ ሰው አስቀምጦ እንደ ሆነም የሌላውን ነፍስ ሳያስፈቅድ ለውርርድ ያቀርባል።

ፈታኙ ጌታችንን ከቤተ መቅደስ ጫፍ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲጥል በነገረው ጊዜ ጌታችን አልታዘዘውም። የእግዚአብሔር ጥበቃ ለሥራ ለወጣ አገልጋይ ተሰጥቷል፤ ያለ ምክንያት ከጫፍ ላይ ለሚዘል ግን አልተሰጠም። አልኮክ በሱቭላ ባሕር በሞት መካከል በዋኘ ጊዜ፥ በአትላንቲክም ደመና ውስጥ አውሮፕላኑን ባቀና ጊዜ ድፍረቱ ሁሉ አስፈላጊ ነበረ፤ ስለዚህም ሰው ሁሉ ያከብረዋል። ጉም ሲያይ ወደ ኋላ የሚመለስ ነጂም ከእርሱ ያነሰ ጀግና አይደለም። አልኮክ ራሱ በጋሊፖሊ ላይ ሞተሩ በቆመ ጊዜ ወዲያው ወደ ኋላ ዞሮ ነበር፤ በዚያም ሦስት ነፍስ ዳነ።

ይህ ትምህርት ለአውሮፕላን ነጂ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ወንዝ ሞልቶ ሳለ ትናንት ተሻግሬዋለሁ ብሎ የሚገባ መንገደኛ፥ አስተማሪው ሳይፈቅድለት ከገደል ጫፍ የሚጫወት ተማሪ፥ መድኃኒትን ሳይለካ የሚሰጥ ሐኪም፥ ሁሉም በአንድ ጉም ውስጥ ይሄዳሉ። አስተዋይ ሰው ከመነሣቱ በፊት ጉዳዩን ከአደጋው ጋራ ይመዝናል፤ ጉዳዩ ትንሽ፥ አደጋውም ታላቅ እንደ ሆነ ይቀመጣል። ከተነሣም በኋላ ምልክቱን ሲያይ ይመለሳል፤ የሚያስጠነቅቁትንም እጆች ከሚያመሰግኑት እጆች ይለያል። ትናንት ያዳነውን አምላክ የሚያመሰግን ሰው ዛሬ በጥንቃቄ ይሂድ፤ ነፍስ አንዲት ናትና፥ ለታላቅ ሥራ እንጂ ለከንቱ ነገር አትሰጥም።